ዜሮን አከበብኩ

ሰላም ነው? እኔ ነኝ። ድምፄ ከጎረነነ ከዲውቲ ወጥቼ ስላልተኛሁ ነው። ጃኬቱንም ረስቼው ነበር። አዎ፣ ያንኑ ጃኬት። ሳቁ። ከኮምቦልቻ ስነሳ ሙቀት፣ ሐረጎን ስንወጣ ጉም፣ ደሴ ስደርስ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ስንት ዓመቴ፣ አሁንም አልለመድኩም።

እ... መጠይቅ ነበር። አንድ የማስተርስ ተማሪ ማታ ለእኛ ለሆስፒታሉ ነርሶች ትቶልን ሄደ፣ ጠዋት ሊሰበስበው። ስለ ሥራ ጫና፣ ስለ ሥራ እርካታ። እኔ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው የሞላሁት። ጥያቄዎቹ አዲስ አይደሉም። ክርስቲና ማስላክ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በፈረንጆቹ 1981 ያወጣቻቸው ናቸው፣ 22 ጥያቄ። ስሜትሽ ተሟጧል ወይ፣ የምሠራው ምን ይረባል ትያለሽ ወይ፣ ደግሞ ለሰው ልብሽ ደንድኗል ወይ። «በፍጹም» ከሆነ ዜሮ፣ «በየቀኑ» ከሆነ 6።

የደነደነው ላይ ዜሮን አከበብኩ። እስክሪብቶዬ እንኳን አልቆመም።

መጠይቁን ከመሙላቴ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ግን... ቆይ፣ በደንብ ልንገራችሁ። የልጅ ልጃቸውን የሚያስታምሙ እናት ናቸው። ሦስተኛ ጊዜ መጡ። «ሲስተር፣ ግሉኮሱ አለቀ።» እነሱ የሚንጠለጠለውን ሁሉ ግሉኮስ ነው የሚሉት። እኔ ቻርት እየጻፍኩ ነው። ጓንት አልቋል። የሌላውን ልጅ አባት ኬኑላ፣ ያቺን ደም ሥር ውስጥ የምትገባ ቀጭን ቱቦ፣ ግዛ ብዬ ውጭ ልኬዋለሁ። ቀና ሳልል፣ «ሰማሁሽ አልኩ እኮ! ሂጂ ተቀመጪ!»

ሰማሁሽ። ሂጂ። ተቀመጪ። የእናቴ እኩያ ናቸው።

«አብሽሪ ልጄ» ብለው ሄዱ። የኮንጎ ጫማቸው ኮቴ አሁንም ይሰማኛል።

አብሽሪ ደግሞ፣ የእኛ የወሎ ነገር ታውቁ የለ። ጎማ ሲፈነዳ አብሽር፣ ለቅሶ ቤት አብሽር፣ ሚኒባሱ ሳይሞላ ሲቀር አብሽር። ሥሩ አረብኛ ነው፣ የምሥራች እንደማለት። እና እሳቸው ምን ማለታቸው ነበር? አዝነውልኝ ነው? ወይስ አፋቸው ለምዶት? እኔ ነበርኩ ለሳቸው ማለት የነበረብኝ።

ስሄድ እውነትም አልቋል። ደም ወደ ቱቦው ተመልሷል። ልጁ ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው። ጠዋት ጭራሽ ሽንቱን ሸና። ሰውነቱ ፈሳሽ አጥቶ የገባ ልጅ ሲሸና ዋርዱ እንዴት ደስ እንደሚለው! እርካታ ካላችሁኝ እሱ ነው፣ መጠይቁ ላይ ግን ሽንት የሚል የለም። (ሳቅ)

ደመወዝ አላነሳም፣ ምያለሁ።

የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ፣ በ2014 ከጦርነቱ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ሥራ ስንጀምር እንዲህ አልነበርኩም። ዛሬ ያለው ያኔ አልነበረም፣ ግን ሰውን «እርስዎ» እል ነበር። ያልፋል ብዬ ይሆን? ወይ ያኔ ልጅ ስለነበርኩ... እንጃ። ድካም ነው ልበል? የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ይሄን በሥራ ምክንያት የሚመጣ መሟጠጥ ነገር ሲመዘግበው «ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት» ነው ያለው፣ በሽታ አላለውም። በሽታ ቢለው የሕመም ፈቃድ እጠይቅ ነበር። ደግሞ ያቺ ጓደኛዬም አብራኝ እኩል ደክማለች፣ እሷ ግን...

ተዉት።

ጠዋት ርክክብ ላይ «እንዴት አደሩ?» አልኳቸው፣ «ሩ»ን ጠበቅ አድርጌ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሌላ ምንም። ይቅርታ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሐኪሞቹ ለራውንድ ገቡ።

ተማሪው ጋ ደውዬ ያቺን ዜሮ አስተካክልልኝ ልለው አስቤ ነበር። መጠይቁ ላይ ግን ስም አይጻፍም። የእኔ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? ቢያውቅስ፣ ስንት ልበለው? 6 አይደለም። 2? አንድ ሌሊት ስንት ነው የሚባለው...

ይኸው፣ የጎረቤት አውራ ዶሮ። ተባባሪ አዘጋጃችን። በዚህ ሰዓት ምን ያስጮኸዋል? ቆይ መስኮቱን ል...