ሶኬት፣ ወንበርና ጮክ ብሎ የሚነበብበት ክፍል፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የክብር እንግዶቻችን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከክፍለ ሀገርም ከውጭም ለመጣችሁ፣ ስለ ድካማችሁ ከልብ እናመሰግናለን።

የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ያቀርባሉ። እኔ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ላውራ፤ ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ኬኔዲ ላይብረሪ እድሳትና ማስፋፊያ።

እዚህ ካለነው ውስጥ ኬኔዲ ያላሳደገው ማን አለ? አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1956 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዋሽንግተን ሄደው ፕሬዚዳንት ኬኔዲን አገኙ። ኅዳር ላይ ለፕሬዚዳንቱ ቀብር ተመለሱ። በስማቸው የተሰየመው ላይብረሪ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ተሠራ። እነሆ ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

ያኔ ተማሪው በካርድ ካታሎግ ፈልጎ፣ ቁጥሩን ጽፎ፣ መጽሐፉን ይዞ ይቀመጣል። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃዋል። የዛሬው ላፕቶፕና ስልክ ይዞ ነው የሚመጣው። ብዙው ንባቡ ፒዲኤፍ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ጥናቱም ያልቃል። ስለዚህ እድሳት ሲባል ቀለም መቀባት አይምሰለን። ከባዱ ሥራ የኤሌክትሪክ መስመሩን እንደገና መዘርጋት ነው። ወንበር መጨመርም አለ። ፈተና ሲደርስ በጠዋት ደብተር አስቀምጦ ቦታ መያዝ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። መደርደሪያ ከቦታ ቦታ ሲዞር ደግሞ ወለሉ ክብደቱን ይችል እንደሆነ አስቀድሞ በኢንጂነር ይፈተሽ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ስድስት ኪሎ ብዙ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ይማራሉ። ስልካቸው ጽሑፍ ያነብላቸዋል። ሃንድአውቱ በፎቶ የተነሳ ወይም እንዲሁ ስካን የተደረገ ከሆነ ግን ለስልኩ ምስል ነው፤ ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚለይ ፕሮግራም ከሌለው አያነበውም፤ ቢኖረውም ይሳሳታል። የቆየ የአማርኛ መጽሐፍማ የባሰ ያስቸግራል። ስለዚህ ዛሬም ጓደኛ ነው የሚያነብላቸው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው በብሬል ይጽፋል ወይም ድምፁን ይቀዳል። ይህ ደግሞ ጸጥታ በሚጠየቅበት አዳራሽ አይሆንም። ደረጃ ላይ ወይም ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ይነሳሉ። ማስፋፊያው በር ተዘግቶ ጮክ ተብሎ የሚነበብባቸው ትንንሽ ክፍሎች ከሌሉት፣ ያውም በምድር ቤት፣ ለእኔ ማስፋፊያ አይባልም።

ውጭ አገር ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። መጽሐፍ በካርቶን መላክ የፍቅር ሥራ ነው። ግን ሃያ ዓመት ያለፈው የኮምፒውተር መማሪያ መደርደሪያ ያጣብባል እንጂ ማንም አይገልጠውም። ለማጓጓዣ የምታወጡትን ለሽቦና ለወንበር ስጡን። ቤታችሁ የቆየ የአማርኛ ጋዜጣ ወይም የ1960ዎቹ የተማሪዎች መጽሔት ካለ ግን እሱን አምጡልን። እሱን በገንዘብ አናገኘውም።

ከሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የሚነጋገር ኮሚቴ እንመርጣለን። አሁን በትምህርት ላይ ያሉ ተማሪዎች እንዲገቡበት፣ ከእነሱም ቢያንስ አንዱ ዓይነ ስውር እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። ተቃውሞ ያለው ካለ በውይይቱ ያንሳው፤ እኔም እሟገታለሁ።

ጉባኤው መከፈቱን እገልጻለሁ። አመሰግናለሁ።