ዝም ብሎ የሚቆርጥ ገደብ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሐዋሳ የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ ከዲላና ከይርጋለም ድረስ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ ከአሲንክ ስትሪም፣ ማለትም ፕሮግራሙ ቆሞ ሳይጠብቅ በቁርጥራጭ ከሚደርሰው የዳታ ፍሰት፣ የሚነበበውን የባይት መጠን ስለ መገደብ ነው። ገደብ ለምን እንደሚያስፈልግ ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት ጊዜ ማባከን ይሆናል። ሐይቃችንን ታውቁታላችሁ፤ ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ በላዩ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። «ሪድ ቱ ኢንድ» (እስከ መጨረሻው አንብብ) ብላችሁ የምትሞሉት ባፈርም፣ ማለትም የሜሞሪ ማቆያም፣ እንደዚያው ነው፤ ላኪው እስካላቆመ ድረስ ይገባበታል እንጂ አይወጣም። ሐይቁን እንኳ ፀሐይ ታተነዋለች። ሰርቨሩን የሚያቃልልለት ሜሞሪ ሲያልቅ የሚነሣው ኦኦኤም ኪለር ብቻ ነው፣ እሱም ፕሮሰሱን ገድሎ።

ስለዚህ «ገደብ አድርጉ» ልላችሁ አልመጣሁም፤ አድርጋችኋል። በረስት ቋንቋ የምትጽፉት፣ ቶኪዮ ከሚባለው የአሲንክ ላይብረሪ «ቴክ» የተባለውን ገዳቢ ስትሪሙ ላይ ትቀጥላላችሁ፣ 1,048,576 ትሉታላችሁ፣ አንድ ሜጋባይት ማለት ነው፣ ከዚያ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ገደቡ ሲሞላ ምን ይሆናል?

ኢረር የሚመጣ ይመስላችኋል። አይመጣም! ቴክ የተፈቀደለትን አንብቦ ሲጨርስ፣ ቀጥሎ ሲጠየቅ ዜሮ ባይት ይመልሳል። ዜሮ ባይት ደግሞ በስትሪም ቋንቋ «አለቀ» ማለት ነው። ላኪው በእውነት ቢጨርስም ዜሮ ነው፣ እኛ ብንቆርጠውም ዜሮ ነው። ከላይ ያለው ኮድ ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም።

በአገራችን ምሳሌ እንየው። አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ቡና ላስረከቡ 20,000 ገበሬዎች የክፍያ ዝርዝር በሲኤስቪ፣ ማለትም አምዶቹ በኮማ በተለዩ የጽሑፍ ሰንጠረዥ፣ ይልካል እንበል። ለሒሳብ እንዲቀለን እያንዳንዱ መስመር 60 ባይት ይሁን፦ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ቀበሌ፣ ኪሎ፣ በመጨረሻ ብር። ፋይሉ 1,200,000 ባይት ነው። ገደባችን 1,048,576። 17,476 መስመር ሙሉ ይገባል፤ ለ17,477ኛው ገበሬ የሚተርፈው 16 ባይት ነው። የአማርኛ ፊደል ጽሑፍን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 ሦስት ሦስት ባይት እንደሚይዝ ታውቃላችሁ፤ «ሐዋሳ» ብቻ 9 ባይት ነው። ስለዚህ በዚያች 16 ባይት የምትገባው አምስት ፊደል ያለው ስምና አንድ ኮማ ናት። ስሙ አለ፣ ብሩ የለም።

ቆረጣው ፊደል መሃል ላይ ቢያርፍ ኖሮ «ሪድ ቱ ስትሪንግ» ዩቲኤፍ-8 አይደለም ብሎ ይጮህ ነበር። ፋይሉ በቅንፍ ተከፍቶ በቅንፍ የሚዘጋው ጄሰን ቢሆን ኖሮ ያልተዘጋው ቅንፍ ያሳብቅ ነበር። ሲኤስቪ ግን በየትኛውም መስመር መጨረሻ ላይ ሙሉ ይመስላል፤ የጎደለ አምድ ሲያይ ባዶ ነው ብሎ የሚያልፍ ፓርሰርም፣ ማለትም ፋይል ተንታኝ ፕሮግራምም፣ ሞልቷል። ከዚያ በታች ያሉት 2,523 ገበሬዎች እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ሰርቨሩ 200፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ይመልሳል። ሎጉ ንጹሕ ነው። ስህተቱ የሚታወቀው በክፍያ ቀን ነው፣ የሚያውቀውም ወረፋ ይዞ ስሙ ያልተጠራው ሰው ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሰርቨር ላይ ግን ይነቅዛል! ገደብ ያልነበረው ሰርቨር ቢወድቅ ኖሮ ቢያንስ ሁሉም ሰው መውደቁን ያየው ነበር። ቴክን አልወቅስም፤ ገደቡ ላይ ሲደርስ ፍጻሜ እንደሚመልስ ሰነዱ በግልጽ ይናገራል። የምወቅሰው ኮድ ሪቪው ላይ «ሊሚት አለው፣ ይለፍ» የምንለውን ሰዎች ነው። ሊሚቱ አለ፤ እምቢ የሚለው አፍ የታለ?

መድኃኒቱ አንድ ባይት ነው። ገደባችሁ 1,048,576 ከሆነ ለቴክ 1,048,577 ስጡት። አንብባችሁ ስትጨርሱ የተነበበውን ርዝመት ከገደቡ ጋር አወዳድሩ። ገደቡን ካለፈ ያቺ ትርፍ ባይት ምስክር ናትና ሁሉንም ጥላችሁ 413፣ ማለትም «ከመጠን በላይ ነው»፣ መልሱ። ካላለፈ ፋይሉ ሙሉ ነው። ባይት እየቆጠራችሁ ወዲያው ወደ ዲስክ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ በጊዜያዊ ስም ጻፉ፤ ትክክለኛውን ስም የሚያገኘው ቆጠራው ሲያልፍ ብቻ ይሁን። በጎ (Go) ቋንቋ የምትጽፉም ልዩነቱ አይጥፋችሁ፦ «ሊሚት ሪደር» እንደ ቴክ ዝም ብሎ ይቆርጣል፣ «ማክስ ባይትስ ሪደር» ግን ኢረር ይመልሳል። ለሰርቨር የሚሆነው ሁለተኛው ነው።

413 ስትመልሱ አንድ ወጥመድ አለ። ያልተነበበው ትራፊ ሶኬቱ፣ ማለትም የኮኔክሽኑ ጫፍ፣ ውስጥ ተቀምጧል። ኮኔክሽኑን ለሚቀጥለው ሪኩዌስት ከተጠቀማችሁበት ትራፊው እንደ አዲስ ሪኩዌስት ይነበባል። ወዲያው ብትዘጉት ደግሞ፣ ያልተነበበ ዳታ ያለበት ሶኬት ሲዘጋ ሊኑክስ ሪሴት፣ ማለትም ድንገተኛ ማቋረጫ፣ ስለሚልክ ላኪው 413ቱን ሳያይ «ኮኔክሽን ሪሴት» ብቻ ሊያይ ይችላል። መልሱን ላኩ፣ የመጻፊያውን ወገን ዝጉ፣ ትራፊውን በትንሽ ገደብና በጥቂት ሰከንድ እያነበባችሁ ጣሉ፣ ከዚያ ዝጉ። ኤንጂንኤክስ የተባለው ዌብ ሰርቨር «ሊንገሪንግ ክሎዝ» የሚለው ይህንኑ ነው።

«ኮንቴንት ሌንግዝ አይቼ እመልሳለሁ» የምትሉ አላችሁ፤ ላኪው ቀድሞ የሚናገረው የርዝመት ቁጥር ማለት ነው። ጥሩ፣ ቀድማችሁ እዩት፤ ርካሽ ነው። ቸንክድ፣ ማለትም በቁራጭ በቁራጭ፣ ሆኖ የሚመጣው ቦዲ (የሪኩዌስቱ ይዘት) ግን ርዝመቱን ቀድሞ አይናገርም፤ ቆጠራው የግድ ነው።

ፓይተን ለምትጽፉ፦ የአሲንክአይኦ ስትሪም ሪደር «ሊሚት» የሚባል ነገር አለው፣ ካልነካችሁት 64 ኪሎባይት ነው። የጠቅላላው ንባብ ገደብ እንዳይመስላችሁ! እሱ የባፈርና የአንድ መስመር ጉዳይ ነው። «ሪድ»ን ያለ ቁጥር ከጠራችሁት እስከ ፍጻሜው ያነባል። በቁጥር ስትጠሩትም «እስከ» ማለት ነው እንጂ «ይህን ያህል» ማለት አይደለም፤ 1,000 ጠይቃችሁ 300 ቢመጣ አልቋል ማለት አይደለም፣ በሉፕ ቁጠሩ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። በጂዚፕ የታመቀ ቦዲ ከሆነ ገደቡ ከመፍቻው በኋላም ይኑር፤ ጂዚፕ የሚያምቅበት ዲፍሌት ሲፈታ እስከ 1,000 እጥፍ ገደማ ሊነፋ ስለሚችል አንድ ሜጋባይት የነበረው አንድ ጊጋባይት ይሆናል። የባይት ገደብ ጊዜን አይገድብም፤ በሰከንድ አንድ ባይት የሚልክ ሰው አንድ ሜጋባይቱን ለመጨረስ 12 ቀን ይፈጅበታል። በእያንዳንዱ ንባብ ላይ ያለ ታይምአውትም (የጊዜ ገደብም) አይነካውም፣ በየባይቱ ይታደሳልና። ለጠቅላላው ንባብ ሌላ ታይምአውት ጨምሩ። 10 ሜጋባይት ገደብ በ400 ኮኔክሽን 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ነው፤ ሴማፎር፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚያነቡትን ብዛት የሚገድብ ቆጣሪ፣ አድርጉበት።

አሁን ላፕቶፖቻችሁን ክፈቱ፤ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ከኋላ ወንበሮች ስር ነው። ሦስት ፋይል አዘጋጁ፦ 1,048,575፣ 1,048,576 እና 1,048,577 ባይት። የራሳችሁ ሰርቨር ላይ አንድ በአንድ ላኩ። በሦስተኛው ላይ 200 ያየ እጁን ያውጣ።