ትንሽ ሁሉ ጫጩት አይደለም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ ስለ ሐይቆቻችን ጥቃቅን ዓሦች

በዚህ ሳምንት ስልኩን ያጨናነቁት ሐይቅ ዳር የሚታዩ ጥቃቅን ዓሦች ናቸው። በጣም ደስ ብሎኛል። ስለ ቆሮሶና ስለ አምባዛ ሁሌም ይወራል፤ ከጣት የማይበልጡትን ግን ልብ ብሎ የሚያያቸው ጥቂት ነው። በአየር ላይ ሰዓት አጥሮን የተቆረጡትን መልሶች እዚህ ዘርዘር አድርጌያቸዋለሁ።

ከሐዋሳ የደወሉ አባት፦ "ከልጄ ጋር ሐይቁ ዳር ስንቆም ቄጠማው ሥር ዓይናቸው የሚያበራ ሚጢጢ ዓሦች እናያለን። የቆሮሶ ጫጩቶች ናቸው?"

አይደሉም። ያያችኋቸው ማይክሮፓንቻክስ አንቲኖሪ የሚባሉት ሳይሆኑ አይቀሩም። እነዚህ አድገው ጨርሰዋል፤ ቁመታቸው ከ4 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይዘልም። ለማረጋገጥ የጀርባ ክንፉን እዩ። የአንቲኖሪ ክንፍ አጭር ነው፤ ወደ ጅራቱ ተጠግቶ ይበቅላል። የቆሮሶ ጫጩት ክንፍ ግን ከጭንቅላቱ ኋላ ጀምሮ ጀርባውን በሙሉ ይይዛል፤ እሾህም አለው። ጎኑ ላይም ቁልቁል የወረዱ ጠቆር ያሉ መስመሮች ይታያሉ። አፉም ይለያል። አንቲኖሪ አፉ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ምግቡን የሚለቅመው ከውሃው ገጽ ነውና። ልጅዎ ትዕግሥት ካለው ትንኝ ሲያርፍ ጠብቁና ተመልከቱ።

ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ የሚታወቁት የዓሣ ዝርያዎች ስድስት ያህል ብቻ ናቸው። ከእነሱ ሦስቱ ጥቃቅን ናቸው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከባሕር ዳር፣ ተማሪ፦ "ጣና ላይ ብርማ ትናንሽ ዓሦች መረብ ውስጥ ይገባሉ። አጥማጆቹ የነጭ ዓሣ ልጆች ናቸው ይላሉ። እንዴት ልለይ?"

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከባዱ ነው። አጥማጆቹም ያለ ምክንያት አልተሳሳቱም። ሁለቱም ብርማ ናቸው፤ ሁለቱም አፋቸው ዳር ሁለት ጥንድ ጢም አላቸው። በቀለም ከሄድሽ መውጫ የለሽም፤ ቀለም ከውሃው፣ ከወቅቱና ከዕድሜው ጋር ይቀያየራል። ዓሣው ሲሞት ደግሞ ወዲያው ይደበዝዛል።

ቅርፊቱን ያዢ። ወደቡ ላይ ከሞተ ዓሣ አንድ ቅርፊት ንቀይና በማጉያ መነጽር ወደ ብርሃን አድርገሽ እዪው። የነጭ ዓሣ ከሆነ ቀጫጭን መስመሮቹ ጎን ለጎን ትይዩ ሆነው ይሄዳሉ። የትናንሾቹ ወገን የሆነው ኤንተሮሚየስ ከሆነ ግን መስመሮቹ ከመሃል ተነስተው ወደ ዳር ይበተናሉ። አንዴ ካየሽው በኋላ አይጠፋሽም።

ጣና ውስጥ ኤንተሮሚየስ ሦስት ዓይነት ነው፤ ሁሉም ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ናቸው። ሑሚሊስ በብዛት ከዳር፣ ሳር ካለበት ጥልቀት ከሌለው ውሃ አይርቅም። ፕሊዩሮግራማ ረግረጉን ይወዳል። ቀጠን ያለው ታናፔላጊየስ ደግሞ የመሃል ሐይቅ ነዋሪ ነው፤ በዓይን የማይለዩ ተንሳፋፊ ነፍሳትን ይመገባል። ይህ ዓሣ ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ ለሳይንስ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ካስተዋወቁት መካከል አገራችን ያፈራችው የዓሣ ተመራማሪ እሸቴ ደጀን ይገኝበታል። አስቢው፤ ስንት ዘመን ሲጠመድበት በኖረ ሐይቅ ውስጥ!

ደግሞ እነዚህን አቅልሎ ማየት አይገባም። ጣና ውስጥ ካሉት 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። ዋናው ቀለባቸውም እነዚሁ ትናንሾቹ ናቸው።

ከዝዋይ፦ "ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚቆም ጥቁር ዓሣ አይቻለሁ። ምንድን ነው?"

ጋራ የሚባል ዓሣ ነው። አገጩ ሥር መጣበቂያ አለው፤ ውሃው ቢገፋውም ድንጋዩን አይለቅም። ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ልጥፍ እየፋቀ ይበላል። ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ብትፈልጉት ቶሎ ይገኛል።

"በምን ልያዛቸው?" ያላችሁ ብዙ ናችሁ።

ብዙ ጊዜ መያዝ አያስፈልግም። ንፋስ ሳይነሳ፣ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጋችሁ ቁሙ። ጥላችሁ ውሃው ላይ አይውደቅ፤ ካዩት ይበተናሉ። የግድ መያዝ ካለባችሁ መጀመሪያ የአካባቢውን የዓሣ ሀብት ባለሙያ አነጋግሩ። ከዚያ በትንሽ የእጅ መረብ አንድ ወይም ሁለት ብቻ አውጡ። በሐይቁ ውሃ የተሞላ፣ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ከጎን ፎቶ አንሱ። ክንፉ የተዘረጋበትን ቅጽበት ጠብቁ፤ ለመለየት የሚረዳው እሱ ነው። ከዚያ ባገኛችሁበት ቦታ መልሱት።

አጎበር ግን እንዳትጎትቱ አደራ! ቄጠማው ውስጥ ያለውን ጫጩት ሁሉ ጠራርጎ ያወጣል።

በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ሐዋሳም ጣናም ቢልሃርዚያ አለ። ጉማሬ ያለበት ዳርቻ ላይ ሲነጋጋና ሲመሽ አትገኙ።

ከሰመራ፦ "አፍዴራ ጨው ነው። ዓሣ ይኖርበታል?"

ይኖርበታል፤ ያውም ሌላ ቦታ የማይገኝ። ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የቆሮሶ ዘመድ ነው፤ አፋኒየስ ስቲያስኒዬ ደግሞ ከእሱም ያነሰ ነው። ሁለቱም መኖሪያቸው ያ ሐይቅ ብቻ ነው። "ጥቂቱን ወስጄ ኩሬዬ ውስጥ ላርባው?" ላሉት ሌላው ደዋይ መልሴ እባክዎ ይቅር ነው። ከዚያ ማውጣቱም፣ የሌላ ውሃ ዓሣ ወደዚያ መጨመሩም ይጎዳል። ዝዋይ ውስጥ ዛሬ ከውጭ የመጣ ካርፕ ከነባሮቹ ጋር ይኖራል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ለቅሞ የሚያወጣው የለም።