ስንት ይከፍላሉ?

እሺ... ቀዩ በርቷል፣ እየቀረጸ ነው። እህቴ «ስለ ሀገር ካወራህ ሕዝብ ይሰድብሃል» ብላኛለች። ዝም ካልኩ ደግሞ እሷ ትሰድበኛለች፣ ያው ነው።

ያ የታክሲ ሰልፍ ነገር እስካሁን አልለቀቀኝም። ሽማግሌው ከፊቴ ናቸው፣ ኮታቸው ላይ የኮሪያ ዘማች ሜዳሊያ አለ። ከሳቸው ፊት ያለው ልጅ በስልክ ጮክ ብሎ ያወራል፤ ስኮላርሺፕ ደርሶት ኮሪያ ሊሄድ ነው። ሽማግሌው ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«የኔ ልጅ፣ ኮሪያ ነው ያልከው?»

«አዎ አባባ።»

እኔ እንግዲህ ታሪክ ጠበቅኩ። «እኛ እኮ ያኔ...» ብለው ይጀምራሉ፣ ልጁም ሜዳሊያውን አይቶ አንገቱን ይደፋል፣ እኔም ለእናንተ አወራላችኋለሁ። ምን አሉ መሰላችሁ?

«ስንት ይከፍላሉ?»

ልጁ ነገራቸው። በብር መንዝሮ ሁሉ። ሳቁ። ሳቁ ስላችሁ፣ እስኪያስላቸው። ከዚያ «ሂድ፣ ሂድ። ብርዱን ግን ተጠንቀቅ፣ አጥንት ይገባል» አሉት። በቃ፣ ታክሲው መጣ፣ ገቡ።

ያ ሳቅ የምሬት ይሁን የምን፣ እያመላለስኩ አስበዋለሁ። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ፣ ማለትም የኛ ጦር፣ ወደ ኮሪያ ሲዘምት ጃንሆይ ራሳቸው ናቸው የሸኙት። ጣሊያን ሲወረን የመንግሥታቱ ማኅበር አይቶ እንዳላየ አልፎናል፤ እኛ ግን ሌላው ሲወረር አናልፍም ነው ነገሩ። ይሄ ለኔ ከዓድዋም... እሺ፣ ከዓድዋ አይበልጥም፣ አትጻፉልኝ። ግን ዓድዋ ላይ ደጃችን ድረስ ተመጥቶብን ነው። ኮሪያን ማን ያውቃት ነበር? ታላቅ ሀገር የምንል ከሆነ ይሄ ነው።

ከዚያ ደግሞ ንዴቴ ይነሳል። ደርግ መጣ፣ ዘማቾቻችን ከተዋጓት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ፣ ለነዚህ ሰዎች ስለ ዘመቻቸው ማውራት እንኳን የማያዋጣ ሆነ። ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት ታውቁታላችሁ አይደል? የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ነው። በ1977 መግቢያ አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር ተመረቀ፤ ወሎ ላይ ሰው በረሃብ እየረገፈ። ቀይ ኮከቡ አሁንም አናቱ ላይ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር... ምን ልል ነበር?

አዎ፣ ታላቅነት። ጓደኞቼ «ግድቡ ተመረቀ አይደል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ጳጉሜ 2017 ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ቦንድ ገዝቻለሁ፣ ማልቀስ መብቴ ነው! ግን ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሜን ላይ ተላልቀን፣ ፕሪቶሪያ ድረስ ሄደን ነው እኮ የፈረምነው። ኮሪያ ድረስ ሰላም ልናስከብር የሄድን ሰዎች። ይሄን ሳስብ «ታላቅ» ማለት ይተናነቀኛል። ሌላ ሰው «አይደለችም» ሲለኝ ደግሞ ልደባደብ እነሳለሁ፤ በተለይ ውጭ የሚኖር ከሆነ።

ምናልባት ታላቁ ሕዝቡ ነው፣ መንግሥታቱ ናቸው... አይ፣ ይሄንንም አላምንበትም። መንግሥት ከሰማይ ወረደ እንዴ? ያዘዘውም የተኮሰውም የኛው ሰው ነው። እና ሕዝቡ ታላቅ ነው ካልን እንግዲህ... እኔ እንጃ፣ ይሄ ነገር ወዴት እየወሰደኝ እንደሆነ...