አደራና አማና

(በደሴ ከተማ ለቀበሌ ምክር ቤት ሴት ተመራጮች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ እኅቶቼ፤ አሰላሙ አለይኩም፤ እንደምን ዋላችሁ፤ ፈጣሪ እንኳን በሰላም አገናኘን።

ስለ ዴሞክራሲ እንድናገር ስትጠሩኝ ቀድሞ ትዝ ያለኝ አንድ የገበያ ሼድ ነው። በመጀመሪያው የምርጫ ዘመኔ ሼዱን በዕጣ የሚያድለው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበርኩ። አብራኝ ማኅበር የምትጠጣ፣ ባሏ ሞቶባት አራት ልጆች የምታሳድግ እኅት ነበረችኝ። ስሟን ያለ ዕጣ አስገባሁት። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ በዚያች ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በሳምንቱ እናቴ «እትዬ» እያለች የምትጠራቸው የሠፈራችን ዱበርቲ፣ በጸሎታቸው የሚከበሩ ሙስሊም እናት፣ ቢሮዬ መጡ። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ እናትሽ ዳቦ ስትቆርስ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም፤ አንቺ ይህን ከማን ተማርሽው?» አሉኝ። በእኔ ምክንያት የተዘለለችውም ሴት ባሏ የሞተባት ነበረች። ማኅበሬ ውስጥ አልነበረችም፤ ያ ብቻ ነው ጥፋቷ። ዕጣው በአደባባይ እንደገና ወጣ፤ ለማኅበርተኛዬ አልደረሳትም። ለብዙ ጊዜ ተኳርፈን ቆየን፤ ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል።

እምነቴ ርኅራኄን አስተምሮኛል። ይሁን እንጂ ከመቀነቴ ፈትቼ የምሰጠውና ከሕዝብ ሣጥን የማወጣው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ምጽዋት ነው፤ ሁለተኛው የሰው ገንዘብ ነው። ክርስቲያኑ አደራ፣ ሙስሊሙ አማና የሚለው ይህንኑ ነው። አደራ በልቶ መጾም፣ አማና አጉድሎ መስገድ ምን ይረባል?

ቦሩ ሜዳ ቅርባችን ናት። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ እዚያ ከጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሹማምንት ክርስትና እንዲነሡ፣ አለዚያ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዙ። ከሹማምንቱ አንዱ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። እምቢ ያሉት ተሰደዱ፤ የሸፈቱም ነበሩ። እኔ ክርስቲያን ነኝ። ያን ዘመን ሳስብ ለተገፋው ሙስሊም አዝናለሁ፤ የሹመት መግዣ ለተደረገው ጥምቀትም አዝናለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ማለቱ እምነትን ማቃለል የሚመስላቸው አሉ። ለእኔ አጥር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑንም መስጊዱንም ከሹመት ፈላጊ የሚጠብቅ አጥር።

ወሎ ይህን ያወቀው ገና ድሮ ነው። ሠርግ ሲደገስ ክርስቲያኑ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም ጠርቶ ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ። ድስቱ ይለያል፤ ዳሱ አንድ ነው። ቅሬያችንንም፣ ሌላው ዕድር የሚለውን፣ ተመልከቱት። የሞተው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ጎረቤት ሁሉ ይወጣል። መዋጮው ይመዘገባል፤ ዳኛው ሒሳቡን በአባላቱ ፊት ያወራርዳል፤ ካጎደለ ይሻራል። እንግዲህ የቅሬ ዳኛውን ፊት ለፊት የሚጠይቅ ሰው የቀበሌ ሹሙ ዘንድ ሲደርስ ለምን ድምፁ ይጠፋል? እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። ይህን ለመረጡን ሰዎች በገዛ አፋችን ነግረናቸው እናውቃለን?

«ሴት ምን ታውቃለች» የሚላችሁ ካለ ወሎን ትገዛ የነበረችውን ወርቂትን አስታውሱት። ልጇ መቅደላ ላይ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታግቶ ሳለ፣ በ1857 ዓ.ም. ከዚያው አምባ ያመለጠው ምኒልክ ግዛቷ ገባ። ልጇ በቴዎድሮስ ተገደለ። እርሷ ግን ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፈችው። የእናት ሐዘኗን ይዛ የገዢነት ሥራዋን ሠራች።

ከእናንተ ያን ያህል የሚጠይቃችሁ የለም፤ አብሽሩ። ቢሮ ስትገቡ የሼድ ይሁን የእርዳታ፣ ስም ያለበትን ዝርዝር ሁሉ በር ላይ ለጥፉት። ማንበብ ለማይችሉት እናቶች ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ስማቸው የቀረ እንደሆነም ለምን እንደቀረ እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው።

አመሰግናለሁ።