ገልና ማግለል፦ «ኦስትራሳይዝ» ከየት መጣ?

[ምስል፦ መዳፍ ላይ ያረፈች የሸክላ ስባሪ። የተጫረ ጽሑፍ አለባት።]

ይቺን ስባሪ እዩዋት። በኛ አጠራር ገል ናት፤ ድሮ ከጎረቤት እሳት ይጫርባት የነበረችው ዓይነት። የጥንት አቴንስ ሰዎች ግን ሰው ከአገር ያስወጡባት ነበር።

እንግሊዝኛው «ኦስትራሳይዝ» ሰውን ማግለል ማለት ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም ምሳ ሲወጣ አንዱን ሳይጠሩት ይሄዳሉ። ያለ እሱ ሌላ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፍታሉ። የሰደበው የለም፣ የመታው የለም። ዝም ብለው ፊት ነሱት።

ቃሉ የመጣው «ኦስትራኮን» ከሚለው ግሪክኛ ነው። ትርጉሙ? ገል! (ገልና ማግለል መግጠማቸው ደስ ይላል፤ ዘመድ ናቸው ብዬ ግን አልከራከርም።) የዚያ ዘመን ወረቀት፣ ፓፒረስ፣ ከግብፅ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር። የተሰበረ ሸክላ ግን በየደጁ ሞልቷል። ስለዚህ ድምፅ መስጫው ገል ሆነ።

በዓመት አንዴ ሕዝቡ «ዘንድሮ ሰው እናስወጣ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። እሺ ካለ፣ ሌላ ቀን ገበያው መሀል ተሰብስቦ ይሂድልኝ የሚለውን ሰው ስም ገል ላይ ይጭራል። 6,000 ድምፅ መሙላት ነበረበት። ስሙ ከሁሉም በላይ የተጻፈ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ 10 ዓመት አይመለስም። ክስ የለም፣ ዳኛ የለም። ንብረቱም አይነካም፤ ጥፋተኛ አልተባለማ! የተፈራው ጉልበቱ ነው።

አሪስቲደስ «ጻድቁ» የሚባል ሹም ነበር። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚተርከው፣ በድምፁ ቀን አንድ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ማንነቱን ሳያውቅ ገሉን ሰጠውና «አሪስቲደስ ብለህ ጻፍልኝ» አለው።

«ምን በደለህ?»

«ምንም። አላውቀውም እንኳ። ጻድቁ፣ ጻድቁ ሲሉት መስማት ሰለቸኝ።»

አሪስቲደስ ምንም ሳይመልስ ስሙን ጻፈለት። ተባረረም። ነገሩ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ482 ነው።

ግን ሁሉም እንደዚያ ገበሬ የልቡን አላስጻፈም። አክሮፖሊስ ከሚባለው የአቴንስ ኮረብታ አጠገብ ከአንድ ጉድጓድ 190 ያህል ገሎች ወጥተዋል። ብዙዎቹ የተሰበረ የመጠጥ ዋንጫ እግር ናቸው። ሁሉም ላይ ያው ስም፣ የአሪስቲደስ ተቀናቃኝ ስም አለ። የእጅ ጽሑፉ ግን የ14 ሰው ብቻ ነው። ቀድመው ጽፈው ሊያድሉ ነበር መሰለኝ።

[ምስል፦ ወደ መጀመሪያዋ ገል ቀረብ ይላል።]

ይቺም ላይ የተጫረው እሱው ነው፦ «ቴሚስቶክልስ፣ የኔኦክሌስ ልጅ»።