የተጎዳ ሰው ሆስፒታል ማከም ያዋጣል ወይ? (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

ባለፈው ፕሮግራም ስለ አደጋና ስለ ህክምና ወጪ ስናወራ መስመሩ ተጨናንቆ ሰዓት አልቆብን ነበር፣ የቀሩትን ጥያቄዎች እዚህ ልመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ በመኪና አደጋ ታፋው ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ሆነና ብረት ገባለት፣ ሂሳቡ ግን ቤቱን አናጋው። በክብደት ተስቦ ቢተኛ አይረክስም ነበር?

እንኳን ተረፈላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ የኦፕራሲዮኑን ቀን ደረሰኝ ብቻ ነው የሚያየው። አዋቂ ሰው የታፋ አጥንቱ ተሰብሮ በትራክሽን ይዳን ከተባለ እግሩ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ከዛ በላይ፣ በጀርባው ተኝቶ ይከርማል፣ ያን ሁሉ ጊዜ አልጋው ይከፈላል፣ አስታማሚው ስራውን ትቶ አጠገቡ ይቀመጣል፣ መቀመጫው ይቆስላል፣ ጉልበቱ ይደርቃል፣ እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋና ወደ ሳምባ ሊሄድም ይችላል። አጥንቱ አጥሮ ወይ ጠሞ ከገጠመ ደግሞ ያው የሸሻችሁት ኦፕራሲዮን መልሶ ይመጣል። ብረት የገባለት ግን ሌላ ጉዳት ከሌለበት በቀናት ውስጥ በክራንች ይነሳል። ትንንሽ ልጆች ላይ ነገሩ ይለያል፣ አጥንታቸው ቶሎ ስለሚገጥም አብዛኛውን ጊዜ ጀሶ ይበቃቸዋል።

ጥያቄ፦ ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ደም፣ አይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) ምናምን፣ ይሄ ሁሉ ብር ለአንድ ሰው ከሚወጣ ለክትባት ቢውል አይሻልም?

ክትባትን ማንም አይነካውም እኮ፣ ግን ሆስፒታል ሁሉ ውድ ነው የሚለው ነገር ሲለካ ያን ያህል አልቆመም። ልኬቱ ዳሊ ይባላል፣ ሰው ያለጊዜው ሲሞት የሚቀሩበት ዓመታትና ተርፎም ከጉዳት ጋር የሚኖርባቸው ዓመታት፣ እነሱ በጉዳቱ ክብደት ተመዝነው አንድ ላይ የሚደመሩበት ማለት ነው። በ2010 የታተመ ጥናት ድንበር የለሽ ሃኪሞች የሚባለው የህክምና እርዳታ ድርጅት የሚያካሂዳቸውን ሁለት የአደጋ ቀዶ ህክምና ማዕከሎች ሂሳብ ሰርቶ፣ አንድ ዳሊ፣ ማለትም አንድ የጤና ዓመት፣ ለማዳን ናይጄሪያ ያለው 172 ዶላር፣ ሄይቲ ያለው ደግሞ 223 ዶላር እንደፈጀ አስልቷል። ለምን እንዲህ ዝቅ አለ ብትሉኝ፣ አንደኛ ነገር የተጎጂው እድሜ ነው። የመኪና አደጋ በዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል አንደኛ ነው፣ ስለዚህ የ25 ዓመት ልጅ ሆዱ ውስጥ የሚደማውን ስፕሊን (ጣፊያ) በጊዜ አውጥተህ ስታተርፈው ያተረፍከው አርባና ሃምሳ ዓመት ነው፣ ያውም ሰርቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድርበት።

ጥያቄ፦ በርካሽ ብዙ ሰው የሚያተርፍ ህክምና አለ?

አለ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድማት የሚቀንስ አሮጌ መድሃኒት። 40 ሀገሮች ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ተጎጂዎች ላይ ተሞክሮ በ2010 ውጤቱ ሲወጣ፣ ካልተሰጣቸው 16 በመቶ ሲሞቱ ከተሰጣቸው 14.5 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል፣ ግን መድሃኒቱ ርካሽ ስለሆነ አንድ የህይወት ዓመት ለማትረፍ ታንዛኒያ ላይ 48 ዶላር፣ እንግሊዝ ላይ 64 ዶላር ነው የተሰላው። ችግሩ ሰዓት ነው፣ አደጋው ከደረሰ በሶስት ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ጥቅሙ ይጠፋል፣ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በየሆስፒታሉ ሪፈር እየተባለ ሲዞር የዋለ ቁስለኛ መጨረሻ ላይ ብዙ ወጪ ወጥቶበት ትንሽ ነው የሚጠቀመው፣ እኔ ትልቁ ብክነት የምለው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ለማንኛውም ብሎ መላ አካላትን ሲቲ ስካን ማስነሳት አይሻልም?

ለሁሉም ሰው አይደለም። በ2016 የወጣ ትልቅ ሙከራ ከባድ ጉዳት የተጠረጠረባቸውን ለሁለት ከፍሎ አይቷቸው፣ መላ አካላቸው የተነሳውም በምርመራ ተመርጦ የተነሳላቸውም ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት እኩል 16 በመቶ ነበሩ። ሃኪሙ መርምሮ የጠረጠረውን ቦታ ያንሳ።

ጥያቄ፦ አባቴ 70 አልፏቸዋል፣ ወድቀው ጭንቅላታቸው ተመቶ አይሲዩ ገብተዋል። ዘመድ ሁሉ ብር አታባክን ይለኛል፣ እርሶ ምን ይላሉ?

አይዞህ ወንድሜ። አሜሪካ ውስጥ የአደጋ ማዕከል ህክምና ሲጠና በጣም የሚያዋጣው ለከባድ ጉዳትና ከ55 ዓመት በታች ላሉት ሆኖ ተገኝቷል፣ ይሄን አልደብቅህም። ግን የዚህ ዓይነት ስሌት የሚጠቅመው ማዕከል የት ይከፈት፣ በጀቱ ለምን ይዋል ለሚል ሰው እንጂ አልጋ ጠርዝ ላይ ለቆመ ልጅ አይደለም። አንተ የምትጠይቀው ሌላ ነው፦ ሲገቡ ይናገሩ ነበር ወይስ ራሳቸውን ስተው ነው የመጡት፣ ብሌናቸው ለመብራት ይመልሳል ወይ፣ አንጎሉ ራሱ ተጎድቷል ወይስ ከሽፋኑ ስር ደም ነው የተጠራቀመው። ደም ማቅጠኛ ይወስዱ ከነበረ ደግሞ ሳትጠየቅ ተናገር። ቀስ ብሎ የተጠራቀመ ደም ከሆነ በትንሽ ቀዳዳ ተመጥጦ በ80 ዓመታቸውም በእግራቸው ሄደው የሚወጡ አሉ፣ አንጎሉ ራሱ ክፉኛ ከተደቆሰ ግን ወጪውን ብቻ ሳይሆን ስቃዩንም ከሃኪሞቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ማውራት አለባችሁ። ለዘመድ መልስ ከመስጠትህ በፊት እነዚህን ጠይቅና መልሱን ይዘህ ደውልልኝ።